የቆማችሁበት ቦታ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ራሳችሁ አስሉት

«ምድር በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ትሽከረከራለች» ሲባል ያልሰማ የለም። ውሸት አይደለም። ግን ቁጥሩ የአንድ መስመር ብቻ ነው፤ የምድር ወገብ። ከዚያ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ባላችሁ ቁጥር ፍጥነታችሁ ይቀንሳል። ዋልታው ላይ የቆመ ሰው ጭራሽ የትም አይሄድም። በቆመበት ቀስ ብሎ በቀን አንዴ ይዞራል፣ አለቀ።

ታዲያ የእናንተ ቦታ ስንት ይሆን? ለማወቅ ስልክ፣ ካልኩሌተርና አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እናየዋለን። ሰው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎችም እነግራችኋለሁ፤ አብዛኞቹን ራሴ ተሳስቼባቸዋለሁ።

ከስሌቱ በፊት፦ በር ክፈቱ

እውነተኛ በር። የቤታችሁን በር።

አንዲት ጉንዳን ማጠፊያው አጠገብ፣ ሌላዋ እጀታው ላይ ተቀምጣለች እንበል። በሩን በአንድ ሰከንድ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ሁለቱም ጉንዳኖች እኩል 90 ዲግሪ ዞሩ። የማጠፊያዋ ጉንዳን ግን የሄደችው ስንዝር አይሞላም። የእጀታዋ ጉንዳን በዚያው ሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ተወስዳለች። በሩ አንድ ነው፣ ጊዜውም አንድ ነው። የተለየው ከማጠፊያው ያላቸው ርቀት ነው።

የምድር ማጠፊያ ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚያልፈው ምናባዊ መስመር ነው። ዛቢያ ይባላል። ምድር ጠጣር ስለሆነች እንደ በሩ አንድ ላይ ነው የምትዞረው። ሁሉም ቦታ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ምድር ወገብ ላይ ያለውም፣ ዋልታው አጠገብ ያለውም። ይህ ለሁሉም የሰማይ አካል አይሠራም። ፀሐይ የጋለ ጋዝ ስለሆነች ወገቧ በ25 ቀን ገደማ ዙሩን ሲጨርስ፣ ዋልታዎቿ አካባቢ ወደ 35 ቀን ይፈጃል። ምድር ላይ እንዲህ ዓይነት መቀዳደም የለም።

ስለዚህ «ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል» ስንል የምንለካው አንድ ነገር ነው፦ ከዛቢያው ምን ያህል እንደራቃችሁ። ከምድር መሐል አላልኩም። ከዛቢያው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ኤቨረስትን ራሱ ታዋርደዋለች።

ደረጃ 1፦ ኬክሮሳችሁን እወቁ

ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደራቃችሁ የሚናገር ቁጥር ነው። ወገቡ ላይ 0፣ ዋልታው ላይ 90 ነው። ኬንትሮስ (የምሥራቅ ምዕራቡ ቁጥር) ለዚህ ስሌት ምንም አይጠቅምም፤ እርሱት።

በጣም ቀላሉ መንገድ የስልክ ካርታ ነው። ያላችሁበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት። ሁለት ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለው ደቡብ ናችሁ ማለት ነው፤ ለፍጥነቱ ለውጥ ስለማያመጣ ምልክቱን ጣሉት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ካርታ ቁጥሩን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፈዋል። 30 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 30.5 ነው እንጂ 30.30 አይደለም። ደቂቃውን ለ60 አካፍላችሁ ደምሩት።

ስልክ አልፈልግም ለሚል ሰው ደግሞ ሰማዩ አለ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሆናችሁ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ኮከቡ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከኬክሮሳችሁ ጋር በአንድ ዲግሪ ውስጥ እኩል ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ጨብጡ፤ የጭብጣችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከአድማስ እስከ ኮከቡ ሦስት ጭብጥ ከሞላ 30 ዲግሪ አካባቢ ናችሁ። ሻካራ ልኬት ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ከዚህ የተሻለው የጥላ ዘዴ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ማርች 20 ገደማና ሴፕቴምበር 22 ወይም 23፣ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። እኩለ ቀን ላይ ጥላው በጣም ሲያጥር ለኩት። የጥላውን ርዝመት ለዱላው ርዝመት አካፍሉና ካልኩሌተሩ ላይ የታንጀንት ተገላቢጦሽን (tan⁻¹) ንኩ። ጥላው 58 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 30 ዲግሪ ይወጣል። ዱላው ካዘነበለ ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል። ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ የአንድ ዙር ጊዜ 24 ሰዓት አይደለም

ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል። ምድር አንድ ሙሉ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። 24 ሰዓቱ ፀሐይ ወደ ነበረችበት የምትመለስበት ጊዜ ነው። ምድር በራሷ ላይ ስትዞር ፀሐይንም እየዞረች ስለሆነ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ያህል ወደፊት ትሄዳለች። ፀሐይን እንደገና ፊት ለፊት ለማግኘት ያችን ትርፍ ዲግሪ መዞር አለባት። ትርፏ ዲግሪ አራት ደቂቃ ትፈጃለች።

ቃሌን አትመኑ፤ ሞክሩት። ማታ ውጡና ከአንድ ግድግዳ ጠርዝ ጀርባ ልትጠልቅ የቀረበች ደማቅ ኮከብ ምረጡ። አገጫችሁን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፉ፣ ለምሳሌ መስኮት ላይ፤ ጭንቅላታችሁ ነገም እዚያው መሆን አለበት። ኮከቧ ድንገት እልም ስትል ሰዓቱን ጻፉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር እንበል። በማግስቱ ያችው ኮከብ የምትጠፋው ለ3 ሰዓት 4 ደቂቃ ጉዳይ ሲል ነው። ከ15 ቀን በኋላ ሰዓቱ 2 ይሆናል። የመረጣችሁት ፕላኔት ከሆነ ግን ቁጥሩ አይገጥምም፤ ፕላኔት በራሷ መንገድ ትሄዳለች። ብልጭ ብልጭ የምትለውን ምረጡ።

ደረጃ 3፦ ማባዛት

የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። ለ23.9345 ሰዓት አካፍሉት፦ በሰዓት 1,674.4 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በሰከንድ ሲሆን 465.1 ሜትር። (በ24 ብናካፍል 1,669.8 ነበር የምናገኘው። ያ ታዋቂ 1,670 ከዚህ ነው የመጣው።)

አሁን ቀመሩ፦

የእናንተ ፍጥነት = 1,674.4 × ኮሳይን (ኬክሮሳችሁ)

ኮሳይን የገባው በምክንያት ነው። ምድርን በኬክሮሳችሁ ላይ እንደ ቀለበት አግድም ብትቆርጧት የምታገኙት ክብ ከወገቡ ያነሰ ነው። ስንት እጅ እንዳነሰ የሚነግረን ኮሳይኑ ነው። በበሩ ቋንቋ ከማጠፊያው ስንት እንደራቃችሁ ማለት ነው።

ካይሮን እንውሰድ። ኬክሮሷ 30.04 ነው። ካልኩሌተሩ ላይ ኮሳይን (cos) 30.04 ስንል 0.8657 ይላል። በ1,674.4 ስናባዛው ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሌሎቹም በዚሁ መንገድ፦

ሲንጋፖር (1.35 ሰሜን)፦ 1,674
ሲድኒ (33.87 ደቡብ)፦ 1,390
ኦስሎ (59.91 ሰሜን)፦ 840
ሎንግየርብየን፣ ስቫልባርድ (78.22 ሰሜን)፦ 342

ከሲንጋፖርና ከሎንግየርብየን ሁለት ሰዎች በስልክ እያወሩ ከሆነ አንዱ ከሌላው በአምስት እጥፍ ፍጥነት እየተወሰደ ነው። ሁለቱም ሻይ አልደፉም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍጥነቱ እኩል እኩል አይቀንስም። ከወገቡ 10 ዲግሪ ስትርቁ የምታጡት 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነው። 80ኛው ዲግሪ ላይ ስትደርሱ 291 ቀርቷችኋል፤ የመጨረሻዎቹ 10 ዲግሪዎች ይህን ሁሉ ጠራርገው ይወስዱታል። ግማሹ ፍጥነት የሚገኘውም ብዙዎች እንደሚገምቱት 45 ዲግሪ ላይ አይደለም። እዚያ ገና 1,184 ነው። ግማሹ 60 ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ኦስሎ ከ1,674 ግማሽ ላይ ያረፈችው።

መልሳችሁ እንግዳ ሆኖ ከመጣ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካልኩሌተሩ ነው። ዲግሪ ላይ ካልሆነ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው። እኔ አንዴ 60 አስገብቼ ውጤቱ ከዜሮ በታች 1,595 መጣልኝ። ምድር ወደ ኋላ ትዞር ጀመር። ደግሞ ደጋግሜ አሰላሁ፣ ያው ነው። ማያ ገጹ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እስካይ ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኮሳይን 60 ስትሉ 0.5 ካልመጣ ማስተካከያው ላይ ችግር አለ።

ሁለተኛው ጥፋት ሳይንና ኮሳይንን ማምታታት ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ሆናችሁ ፍጥነታችሁ ዜሮ ከመጣ ሳይን ነክታችኋል። የሚገርመው ግን ሳይኑም መልስ አለው፤ የሌላ ጥያቄ መልስ። በ1851 ሊዮን ፉኮ የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ፓሪስ በሚገኘው ፓንቴዮን በተባለ ትልቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በ67 ሜትር ሽቦ 28 ኪሎ የሚመዝን የብረታ ብረት እንክብል ሰቀለ፤ ፔንዱለም ይባላል። እያወዛወዙት ሲተዉት የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ቀስ በቀስ ሲዞር ሕዝቡ በዓይኑ አየ። የዚያ ዙር ፍጥነት በሰዓት 15 ዲግሪ ሲባዛ በኬክሮሱ ሳይን ነው። ፓሪስ ላይ 11.3 ዲግሪ ይሆናል። ዋልታው ላይ ሙሉ 15፣ ምድር ወገብ ላይ ደግሞ ዜሮ። ከፍጥነታችን ጋር ተገላቢጦሽ ነው፦ በብዛት የሚሮጠው ቦታ ፔንዱለሙን አያዞረውም፣ የቆመው ቦታ ግን በደንብ ያዞረዋል።

ደረጃ 4፦ ለጠንቃቆች ብቻ

እስካሁን ምድርን ሙሉ ድቡልቡል አድርገናታል። አይደለችም። መዞሯ ወገቧን አሳብጦታል። ከመሐሏ እስከ ወገቧ 6,378.1 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እስከ ዋልታዋ 6,356.8 ነው። ይህን ስታካትቱ 45 ዲግሪ ላይ ያለው 1,184 ወደ 1,186 ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማስተካከል አንድ ገጽ ስሌት መሥራት ለአብዛኞቻችን አያስፈልግም።

ከፍታው ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድር ወገብ ላይ 0.26 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጨምራል። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ያንን በኮሳይኑ አባዙት። 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ መውጣት ከ1 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያነሰ ነው የሚጨምርላችሁ።

አሁን ወደ ኤቨረስት። ከባሕር ወለል በላይ 8,849 ሜትር። ከፍታው የጨመረለት 2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ነው። ግን ተራራው 28 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ስለዚህ ጫፉ በሰዓት 1,482 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ምድር ወገብ ላይ መልሕቅ ጥላ የቆመች ጀልባ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበልጠዋለች።

እሺ፣ ታዲያ ከሁሉም ፈጣኑ ቦታ የት ነው? ብዙ ሰው ቺምቦራዞ ይላል። ኢኳዶር ያለ ተራራ ነው። ወገቡ ስላበጠ ጫፉ ከምድር መሐል በጣም የራቀው ነጥብ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያልኳችሁን አስታውሱ፦ የሚቆጠረው ከዛቢያው ያለው ርቀት ነው። ቺምቦራዞ ከወገቡ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ገባ ብሏል። እዚያው ኢኳዶር ውስጥ ካያምቤ የሚባል 5,790 ሜትር ተራራ አለ። በቁመት ከቺምቦራዞ ያንሳል፣ ግን ወገቡ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዛቢያው 6,384 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ቺምቦራዞ 6,382። ስለዚህ ከምድር ገጽ በጣም ፈጥኖ የሚዞረው የካያምቤ ጫፍ ነው፦ 1,676 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ። ጫፉ በበረዶ የተሸፈነ ነው። ምንም የሚሮጥ አይመስልም።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ሥራ ላይ አውሉት

ፍጥነቱ አይሰማችሁም። ምክንያቱም አይለዋወጥም፤ አየሩም፣ ቤቱም፣ ወንበሩም አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ሚዛን ግን ይሰማዋል። ምድር ወገብ ላይ መሽከርከሩ 70 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ላይ 240 ግራም ያህል ይቀንሳል። በእብጠቱ ምክንያት ከመሐል መራቁ ሲታከልበት፣ ከዋልታው ጋር ያለው ልዩነት ወደ 370 ግራም ይደርሳል። ይህ የሚታየው በስፕሪንግ ወይም በዲጂታል ሚዛን ነው። በድንጋይ በሚመዝን ሚዛን አይታይም፤ ድንጋዩም እኩል ይቀልላላ።

ይህን መጀመሪያ ያጋለጠችው ሰዓት ናት። በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ካየን ሄደ፤ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ብቻ የምትርቅ የደቡብ አሜሪካ ከተማ ናት። ፓሪስ ላይ በትክክል ትሠራ የነበረች የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረች። ሰዓቷ አልተበላሸችም። ስበቱ ነው የላላው።

የሮኬት ሰዎች ደግሞ ፍጥነቱን በነፃ ይወስዱታል። ሳተላይት በዝቅተኛ ምህዋር ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር አለበት። ወደ ምሥራቅ ከተተኮሰ ምድር የምትሰጠው ግፊት ይታከልለታል። ከኩሩ፣ ፈረንሣይ ጊያና፣ 463 ሜትር በሰከንድ፤ ከኬፕ ካናቬራል፣ አሜሪካ፣ 409፤ ከባይኮኑር፣ ካዛኪስታን፣ 324 ገደማ። የጣቢያዎቹን ኬክሮስ ወስዳችሁ 465.1ን በኮሳይኑ ብታባዙ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። እስራኤል ግን ጎረቤት አገሮች ላይ ላለማሳለፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው የምትተኩሰው። ስጦታው ለእሷ ዕዳ ይሆንባታል።

ቁጥሩ ዛሬና ነገ አንድ ነው ወይ ለሚል፦ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጨረቃ በማዕበል እየጎተተች ምድርን ታዘገያለች፤ ቀኑ በመቶ ዓመት ከ2 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ይረዝማል። ከ1972 ወዲህ ሰዓታችን ላይ 27 ጊዜ ትርፍ ሰከንድ ተጨምሯል፣ የመጨረሻው በ2016 ማብቂያ። አንዳንዴ ደግሞ ምድር ትፈጥናለች። ጁላይ 5፣ 2024 ቀኑ በ1.66 ሚሊ ሰከንድ አጥሮ ነበር። ምድር ወገብ ላይ ይህ በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ለውጡ ደግሞ በሩ ሲፈጥን ሁለቱም ጉንዳኖች እንደሚፈጥኑት ለሁሉም ቦታ በአንዴ ነው።

በመጨረሻ የምወደው፦ ፀሐይን ማቆም። ወደ ምዕራብ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ከሄዳችሁ ፀሐይ ካለችበት አትነቃነቅም። እዚህ ላይ የምንሽቀዳደመው ከፀሐይ ጋር ስለሆነ 24 ሰዓቱ ትክክል ነው፤ 1,669.8ን ውሰዱ። እስከ 2003 ይበር የነበረው ኮንኮርድ የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን በሰዓት ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ከምድር ወገብም ይፈጥን ነበር። ከለንደን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የተነሡ ተሳፋሪዎቹ ፀሐይ ከምዕራብ ስትወጣ ያዩ ነበር። በሰዓት 900 የሚበር ተራ አውሮፕላን ደግሞ 57 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ እንደተሰካች ትቀራለች። 900ን ለ1,669.8 አካፍላችሁ የኮሳይን ተገላቢጦሹን (cos⁻¹) ብትነኩ 57.4 ይመጣል።

አውሮፕላንም ላያስፈልግ ይችላል። ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያ ፍጥነት የሚገጥመው ከዋልታው 19 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚያ ያለው የክብ ዙሪያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለ24 ስታካፍሉት 5። በበጋ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወቅት፣ ወደ ምዕራብ መራመድ ጀምሩ። ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ከነበረች ፊት ለፊታችሁ ናት። ጫማችሁን ለማሰር ጎንበስ ስትሉ ብቻ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሸርተት ማለት ትጀምራለች።